ምክንያትንና ውጤትን አያይዞ መጻፍ፦ የወባ ቦታና ወቅት

አስረጂ ድርሰት የሚጽፍ ሰው አንድ ነገር መሆኑን ብቻ ሳይሆን የሆነበትንም ምክንያት መግለጽ ይጠበቅበታል። «ዝናብ ስለሚዘንብ ወባ ይበዛል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በአስተማሪነቴ ዘመን ከተማሪዎች ደብተር ላይ ደጋግሜ አንብቤአለሁ። የሰዋስው ስሕተት የለበትም፤ ሐሳቡ ግን ጐዶሎ ነው። በኮልፌ ቀራንዮ ክረምቱን ሙሉ ሲዘንብ ይከርማል፤ ሆኖም በሰፈሩ ወባ ሲዛመት አይታይም። እንግዲህ በዝናቡና በበሽታው መካከል የተዘለለ ነገር አለ ማለት ነው። ቀጥሎ ያለውን ምንባብ ስታነቡ «ስለዚህ»፣ «ግን»፣ «በዚህም ምክንያት» የሚሉት ቃላት ምንን ከምን እንደሚያያይዙ ልብ በሉ።

ምንባብ

ወባን ከሰው ወደ ሰው የምታስተላልፈው ሴቷ የአኖፊለስ ትንኝ ናት። ከታመመ ሰው ደም ጋር የመጠጠችው ተሕዋስ በሰውነቷ ውስጥ እስኪጐለምስ ድረስ ግን ሌላ ሰው ልታስይዝ አትችልም። ፋልሲፓረም የሚባለው ብርቱው ዓይነት ለመጐልመስ በ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት 12 ቀን ያህል ይበቃዋል፤ በ20 ዲግሪ ግን 28 ቀን ያህል ይፈጅበታል። አብዛኞቹ ትንኞች ይህን ያህል ዕድሜ የላቸውም። ስለዚህ ወባ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ካለፉ ቦታዎች ላይ እምብዛም አይተላለፍም። አዲስ አበባም ከዚህ ከፍታ በላይ ናት።

ወቅቱም የራሱ ምክንያት አለው። ብርቱ ዝናብ የትንኟን እጭ ጠራርጎ ይወስዳል። ክረምቱ ሲወጣ ግን ውሃው በየጕድጓዱና በከብት ኮቴ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፤ ፀሐይም ያሞቀዋል። በዚህም ምክንያት በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ወባ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ገበሬው አዝመራውን በሚሰበስብበት ጊዜ ነው። ከበልግ ዝናብ በኋላም፣ በሚያዝያና በግንቦት፣ በመጠኑ ይነሣል።

ይህ ሥርዓት የሚጣስበት ጊዜ አለ። በ1950 ዓ.ም. ማብቂያና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ዝናቡና ሙቀቱ ከልማዱ በማለፉ በሽታው እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ድረስ ወጣ። የወይና ደጋው ሰው ሰውነት ወባን አልለመደም ነበርና 3 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ታመመ፤ 150,000 ያህሉ እንደ ሞተ ተገምቷል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በድሬ ዳዋ ወባ በበጋ ተነሣ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው መጤ ትንኝ ዝናብ ሳትጠብቅ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ትራባለችና።

ከኮልፌ ቀራንዮ በአየር ጤና በኩል ወደ ጅማ የሚሄድ መንገደኛ በዚያው ቀን ጊቤ በረሃ ይደርሳል። (ማላሪያ የሚለው ስም «መጥፎ አየር» ከሚል የጣልያንኛ ሐረግ የመጣ መሆኑ የአየር ጤናን ልጆች ሳያስገርም አይቀርም።) በጥቅምት እዚያ ያደረ ሰው ከተመለሰ ከሁለት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ሲይዘው ጕንፋን ነው ብሎ ይተኛ ይሆናል። ሐኪም ዘንድ ቢሄድም የት እንደ ከረመ ካልተናገረ ደሙ ለወባ ሳይመረመር ሊቆይ ይችላል። ፋልሲፓረም ደግሞ ሕክምናው ከዘገየ ይገድላል።

መልመጃ

1. «ዝናብ ስለሚዘንብ ወባ ይበዛል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር፣ የተዘለለውን ምክንያት በማስገባት፣ በአራት ዐረፍተ ነገሮች አስፋፍታችሁ ጻፉ።
2. ቆላ ወርዶ በወባ የታመመ ዘመድ ወይም ጎረቤት ጠይቃችሁ፣ ወሩን፣ ቦታውንና ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን የሚያያይዝ አንድ አንቀጽ ጻፉ። የሰውየውን ስም አትጥቀሱ።