አስተናግርና መለከት አበባ

ሰሞኑን ለዕፅዋት ትምህርት ናሙና ስንሰበስብ አንድ ሠልጣኝ መለከት የመሰለ ረጅም ነጭ አበባ ይዞ መጣና «ይኸው ትልቁ አስተናግር!» አለን። አንዲት ሠልጣኝ ደግሞ «አስተናግር እኮ እንዲህ ያለ ቁጥቋጦ አይሆንም» ስትል ተከራከረችው። እንዲህ ያለው ክርክር ሊቃውንቱንም ሲያወዛግብ የኖረ ስለሆነ ትንሽ ልናብራራው ወደድን።

ስዊድናዊው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ሁለቱንም ዳቱራ በተባለ አንድ ወገን ውስጥ አስገባቸው። ምን ይደረግ፣ አበባቸው ይመሳሰላል! እ.ኤ.አ. በ1805 ፐርሱን የተባለው ተመራማሪ ቁጥቋጦዎቹን ለይቶ፣ ብሩግማንስ በተባለው የሆላንድ ሊቅ ስም ብሩግማንሲያ አላቸው። ከሱ በኋላ የመጡት ግን መልሰው ቀላቀሏቸው። ሎክውድ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ልዩነቱን አስረድቶ ከተከራከረ ወዲህ ሁለት ወገን መሆናቸው ተቀባይነት አግኝቷል።

ልዩነቱስ ምንድን ነው? አስተናግር በአንድ ዓመት በቅሎ፣ አፍርቶ የሚደርቅ ተክል ነው። የብሩግማንሲያ ግንድ ግን እንጨት ነው፤ ለዓመታት ይኖራል። የአስተናግር አበባ ቀና ይላል፤ የብሩግማንሲያ ወደ ታች ይንጠለጠላል ወይም ያዘነብላል። በኛ አስተያየት ከሁሉ የሚታመነው ምልክት ፍሬው ነው፤ የአስተናግር ፍሬ እሾህ ለብሶ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የብሩግማንሲያ ግን እሾህም የለው፣ አይፈነዳምም። ችግሩ፣ አብዛኞቹ የብሩግማንሲያ ዝርያዎች በራሳቸው የአበባ ዱቄት ስለማያፈሩ ቅርንጫፍ ተቆርጦ ከተተከለ ቁጥቋጦ ላይ ፍሬ እንደ ልብ አይገኝም። እንዲያ ሲሆን ግንዱንና የአበባውን አቅጣጫ ማየት ነው።

የብሩግማንሲያ ዝርያዎች ሰባት ብቻ ናቸው፤ መነሻቸው ደቡብ አሜሪካ ነው። ነጭና ቢጫ የሚያብቡት ሲመሽ ያውዳሉ፤ የሌሊት የእሳት እራቶችን ይጠራሉ። ቀይ የሚያብበው ግን ሽታ የለውም፤ የሚያራባው ምንቃሯ ረጅም የሆነ ትንሽ ወፍ ነች። የሚገርመው፣ ዛሬ ሰባቱም በዱር ጠፍተዋል ተብለው ተመዝግበዋል፤ የቀሩት ሰው ተክሎ ያቆያቸው ናቸው።

ታዲያ ያ ሠልጣኝ ጨርሶ ተሳሳተ? አይደለም። ሁለቱም ወገኖች ድንች፣ ቲማቲም፣ በርበሬና ትምባሆ ያሉበት አስተኔ አባላት ናቸው፤ ሁለቱም አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉትን መርዞች ይይዛሉ። በወገን ተለያዩ ማለት መርዛቸው ተለየ ማለት አይደለም! የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ይቃዣል፣ ሊሞትም ይችላል። ልጆች ደግሞ የአበባ ማር መምጠጥ ይወዳሉ፤ የመለከት አበባ በተተከለበት ግቢ የምታስተምሩ ሁሉ ይህን ቀድማችሁ ንገሯቸው። ናሙናውን መምህሩ ራሱ ይቁረጥ፤ እጁን ሳይታጠብ ዓይኑን እንዳይነካ።

የአስተናግር ፍሬና የመለከቱ አበባ ደርቀው ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ ተለጥፈዋል። እዩአቸው፤ አትንኳቸው።