የጤና መድን ገንዘብ ከየት ይመጣል? ማንስ ይቆጣጠረዋል?



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ጤና መድን ነው። በሽታ ቀጠሮ አይሰጥም። ሰብሉ ሳይደርስ፣ ጎተራው ባዶ ሆኖ ሳለ ይመጣል። ያን ጊዜ ቤተሰቡ የእርሻ በሬውን ይሸጣል፤ ወይም ከአራጣ አበዳሪ ይበደራል። በሽተኛው ቢድንም ቤቱ ይደኸያል። በሬ የሌለው ገበሬ መሬቱን ለእኩል ለመስጠት ይገደዳልና።

አስቀድሞ ማዋጣት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እድር አለን። እድር የሚደርሰው ሰው ሲሞት ነው። ታዲያ ሰው በሕይወት ሳለ ለማሳከምስ ለምን አናዋጣም? የጤና መድን ማለት ይሄው ነው።

1. ሕጉ እንዴት መጣ?

የጤና መድንን ለመላ አገር ሠራተኞች በሕግ በመደንገግ ጀርመን ቀዳሚ ናት። ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1883 ነበር። በዚያ ሕግ መዋጮው ለ3 ተከፍሎ 2ቱን እጅ ሠራተኛው፣ 1ዱን እጅ አሠሪው ይከፍሉ ነበር። ገንዘቡን በሚያስተዳድረው ጉባኤም ወንበሩ በዚሁ ልክ ተከፈለ። ልብ በሉ! ገንዘብ ያዋጣ ሰው የመቆጣጠር ድርሻም አገኘ።

በአገራችን የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ወጣ። ይህ አዋጅ የተመለከተው ደመወዝተኛውንና ጡረተኛውን ነበር። ገበሬውን የሚያቅፈው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደግሞ በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው የደቡብ ክልል፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። መተዳደሪያውም ክልሎች ያወጡት መመሪያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል።

2. ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

አንደኛ፣ ከአባላት መዋጮ። መዋጮው የሚከፈለው በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በቤተሰብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበሰበውም እህል ከገባ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ ከፌዴራሉ መንግሥት ድጎማ። በሙከራው ጊዜ ድጎማው የአባላቱን መዋጮ 25 በመቶ ያህል ነበር። በኋላ ወደ 10 በመቶ ዝቅ ብሏል።

ሦስተኛ፣ መክፈል ለማይችሉ ድሆች ክልሉና ወረዳው ይከፍላሉ። እነማን እንደሆኑ የሚለዩት በቀበሌያቸው ነው።

አንዳንድ ሰዎች፣ «ዓመቱን ሙሉ ካልታመምኩ ገንዘቤ የት ገባ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም፣ ገንዘብህ የጎረቤትህን ልጅ አሳከመ፤ ከርሞ ደግሞ የእርሱ ገንዘብ ያንተን ልጅ ያሳክማል ነው። ጤነኛው ቀርቶ በሽተኛው ብቻ ቢመዘገብ ሣጥኑ በጥቂት ወራት ይራቆታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እኮ ሁሉም ክር ሲገባበት ነው።

3. ቁጥጥሩ ለምን ያስፈልጋል?

እስቲ ሂሳብ እንሥራ። ለምሳሌ ያህል 1000 ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 400 ብር ቢያዋጡ 400,000 ብር ይሆናል። 10 በመቶ ድጎማ ሲጨመር 440,000 ብር ይደርሳል። አሁን ከ50 ቤተሰቦች ገንዘብ ተቀብሎ ደረሰኝ ያልቆረጠ ሰብሳቢ አለ እንበል። የጠፋው 20,000 ብር ብቻ ነውን? አይደለም። ድጎማው የሚታሰበው በተመዘገበው ገንዘብ ስለሆነ ሌላ 2,000 ብር አብሮ ቀረ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ 50ዎቹ አባወራዎችና እማወራዎች ሲታመሙ ስማቸው መዝገብ ላይ አለመገኘቱ ነው።

በወረዳው ከየቀበሌው የተወከሉ አባላት የሚሰበሰቡበት ጠቅላላ ጉባኤ አለ። የወረዳው አስተዳዳሪ የሚመራው ቦርድም አለ። ነገር ግን ጉባኤተኛው ካልጠየቀ ጉባኤው ስብሰባ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አራት ነገሮችን እንከታተል።

ሀ. ስትከፍሉ ደረሰኝ ተቀበሉ። ስማችሁን፣ የብሩን መጠንና ቀኑን አንብቡ።

ለ. በነፃ የሚታከሙት ድሆች ስም ዝርዝር በሕዝብ ፊት ይነበብ። ዘመድ ያለው ገብቶ ችግረኛዋ እንዳትቀር።

ሐ. ጤና ጣቢያው ያከመበትን ሂሳብ ለመድኑ ያቀርባል። ሂሳቡ ከታካሚዎች መዝገብ ጋር መመሳከሩን ተወካዮቻችሁ ይጠይቁ።

መ. መድኃኒት ጠፍቶ ከግል መደብር ግዙ ከተባላችሁ የመድኃኒቱን ስምና ቀኑን ጽፋችሁ ያዙ። በወሬ የቀረበ አቤቱታ ይረሳል፤ የተጻፈ ግን መልስ ይሻል።

እንግዲህ ፊደል የቆጠራችሁ አባላት ይህ የእናንተ ሥራ ነው። ማንበብ ለማይችለው ጎረቤታችሁ ደረሰኙን አንብቡለት። ጉባኤ ላይም የገቢና የወጪ ሂሳቡ ጮክ ተብሎ ይነበብልን በሉ። ገንዘቡ የእናንተ ነውና።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ ስንት ቤተሰብ የጤና መድን አባል ነው? ያልገቡት ለምን አልገቡም?

2. በጠቅላላ ጉባኤው የሚወክላችሁ ማን ነው? ያለፈውን ዓመት ሂሳብ ነግሯችኋል?

3. 800 ቤተሰቦች 500 ብር ቢያዋጡና 10 በመቶ ድጎማ ቢጨመር ጠቅላላው ስንት ይሆናል?