አረጋውያንን መጦርና ፈቃዳቸውን መጠየቅ



ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ጋር አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ለመጎብኘት ሄደን ነበር። ልብስና ሳሙና ስናድል አንዲት እናት የተሰጣቸውን ሹራብ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ዝም አሉ። «እማማ፣ አልወደዱትም?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ሹራቡስ እግዜር ይስጥልኝ። እኔን የሚያምረኝ ግን እንዝርትና ጥጥ ነበር፤ እጄ ሥራ ፈታ» አሉኝ። ጥጡ ከሹራቡ ይልቅ በብዙ ይረክስ ነበር። ነገር ግን አስቀድመን አልጠየቅንም።

በእኛ በይፋግ አብዛኛው አረጋዊ የሚጦረው በልጆቹ ቤት ነው። ጧሪ ላጡት ግን በአገራችን መጦሪያዎች ተቋቁመዋል። ስሙ ይበልጥ የሚጠራው ቢኒያም በለጠ በአዲስ አበባ የመሠረቱት መቄዶንያ ሲሆን፣ ከጎዳና የተነሡ በሺህ የሚቆጠሩ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ተጠልለውበታል። ብዙ ሰው በሚጦርበት በማናቸውም ቤት አስቀድሞ የሚታሰበው እንጀራው፣ አልጋውና መድኃኒቱ ነው፤ ተገቢም ነው። ሁሉም በየፈቃዱ ሰዓት ልብላ፣ ልታጠብ ቢል ሥራው አይያዝም። ይሁን እንጂ ሁሉ ነገር በሌላ ሰው ሲወሰንለት የኖረ ሰው ቀስ በቀስ መፈለግንም ይተዋል።

ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን የተባሉ የሥነ ልቡና ምሁራን በአሜሪካ በኮኔክቲከት ግዛት ባለ አንድ መጦሪያ ያደረጉትን ጥናት በ1976 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በአንደኛው ፎቅ የሚኖሩት ክፍላቸውን እንደ ወደዱ እንዲያሰናዱና ፊልም የሚያዩበትን ምሽት እንዲመርጡ ተነገራቸው፤ ተክልም መርጠው ራሳቸው እንዲንከባከቡት ተሰጣቸው። በሌላው ፎቅ ላሉት ግን ተክሉን ውኃ የሚያጠጡት አስታማሚዎች ነበሩ። ሦስት ሳምንት ሲሞላ የፊተኞቹ ይበልጥ ንቁና ደስተኞች ሆነው ተገኙ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ1991 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የአረጋውያን መርሕ፣ በመጦሪያ የሚኖር ሰው ስለ እንክብካቤውና ስለ አኗኗሩ የመወሰን መብቱ እንዲከበር አስፍሯል።

ይህ ሁሉ ሲነገር ቀላል ነው፤ የሚከብደው በቤት ሲደርስ ነው። ሴት አያቴ ታመው በዐቢይ ጾም ወተት ስናቀርብላቸው አፋቸውን ገጠሙ። እኛም «ለጤናዎ ነው» እያልን ጨቀጨቅናቸው። በመጨረሻ የንስሐ አባታቸው መጥተው ብቻቸውን አነጋገሯቸው። ከዚያ በኋላ አያቴ በስንት ሰዓት እንደሚቀምሱ ራሳቸው ወሰኑ፤ የጤና ባለሙያዋም መድኃኒቱን ከዚያ ሰዓት ጋር አስማማችላቸው። ወተቱን ግን እስከ ፋሲካ አልነኩትም። እኔ በበኩሌ መጠጣት ነበረባቸው ባይ ነኝ፤ ነገር ግን ጾሙ የእሳቸው ነው።

ማስታወስ ላቃተው ሰውስ? ለእርሱም ቢሆን ሁለት ጋቢ አቅርቦ «የቱን ላልብስዎ?» ማለት ይቻላል። በእጁ ያመለክታል።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጉብኝት ከልብሱ በፊት ደብተር ይዘን እንሂድ። ቡናቸውን በስንት ሰዓት እንደሚወዱ፣ አልጋቸው ከማን አጠገብ ቢሆን እንደሚመርጡ፣ ማን ቢያጥባቸው እንደማያፍሩ እንጠይቅና ለቤቱ ኃላፊዎች እንንገር። ለእኒያ እናት እንዝርቱን እኔ አመጣለሁ። ጥጡ ግን ባዘቶ ይሁን ወይስ ፍሬው ያልወጣለት፣ እሳቸውን ጠይቄ ነው የምገዛው።