ቅባትን መቀነስ ወገብን ያቀጥናልን?

ክብደት ለመቀነስ የሚሹ ብዙ ሴቶች በቅድሚያ የሚርቁት ቅባት የበዛበትን ምግብ ነው። ለዚህም በቂ የሚመስል ምክንያት አለ። አንድ ግራም ቅባት ለሰውነት 9 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይል ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን ግን የሚሰጠው 4 ያህል ብቻ ነው። ይሁንና ቅባትን መቀነስ ብቻውን የሰውነትን ልኬት ይለውጣልን?

ይህን ጥያቄ በስፋት ከመረመሩት ጥናቶች አንዱ በአሜሪካ የተካሄደው «የሴቶች ጤና ኢኒሼቲቭ» ነው። ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 79 ዓመት የሆነና የወር አበባቸው የተቋረጠ 48,835 ሴቶች በዕጣ በሁለት ተመደቡ። አንደኛው ቡድን ከቅባት የሚያገኘውን ኃይል ወደ 20 በመቶ ዝቅ እንዲያደርግ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና እህል እንዲያዘወትር ተመከረ፤ ጠቅላላ ካሎሪ እንዲቀንስ ግን አልታዘዘም። ሁለተኛው ቡድን የለመደውን አመጋገብ ቀጠለ። በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት መሠረት በሁለቱ ቡድኖች መካከል የታየው የክብደት ልዩነት ከአንድ ዓመት በኋላ 1.9 ኪሎ ግራም ነበር፤ ከ7 ዓመት ተኩል በኋላ ግን ወደ 0.4 ኪሎ ግራም ወረደ። የወገብ ዙሪያ ልዩነቱም ከግማሽ ሴንቲ ሜትር አልበለጠም።

በአንጻሩ በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት፣ ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ 811 ወንዶችና ሴቶች በቀን 750 ኪሎ ካሎሪ ያህል የሚቀንስ አመጋገብ ተሰጣቸው። የገሚሶቹ የቅባት ድርሻ 20 በመቶ፣ የቀሪዎቹ 40 በመቶ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለቱም ወገኖች የቀነሱት ክብደትና የወገብ ዙሪያ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ የምንረዳው ልኬትን የሚወስነው በዋናነት የጠቅላላው ካሎሪ መጠን መሆኑን ነው። ከወጥ የተቀነሰ ዘይት በተጨማሪ እንጀራ ወይም በስኳር ከተተካ ወገቡ ባለበት ይቀራል። የጾም ወጥ ዘይትም ቢሆን በካሎሪ ከንጥር ቅቤ አያንስም።

ልኬትን ለመከታተል የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ሜትሩ በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት የላይኛው ጠርዝ መካከል፣ አየር በቀስታ ከወጣ በኋላ ይዞራል። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ለሴቶች ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ወገብ የልብና የስኳር በሽታ ሥጋት መጨመሩን፣ ከ88 በላይ ደግሞ ሥጋቱ ይበልጥ ማየሉን ያመለክታል። የወር አበባ ሲቋረጥ ስብ ወደ ሆድ አካባቢ ስለሚያዘነብል፣ ሚዛን የማያሳየውን ለውጥ ሜትር ሊያሳይ ይችላል።

እርጉዝና አጥቢ እናቶች ግን ያለ ሐኪም ምክር ምግባቸውን ሊቀንሱ አይገባም።