የጭቃ ቤቴን ከየትኛው ክፍል ልጀምር?

ከአባቴ የወረስኩት የጭቃ ቤት ጊንጪ ነው። በሲሚንቶ ያስለሰንኩት የሳሎን ግድግዳ ክረምቱ ሲወጣ እየተቀረፈ ወደቀ፤ ጥጉም ተሰነጠቀ። ገንዘቤ በአንዴ ስለማይበቃ ክፍል በክፍል ላድሰው አስቤያለሁ። ከየት ልጀምር?

ውድ ጠያቂያችን፣

ከደጅ ይጀምሩ። የጊንጪ ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳዎም አብሮት ይነሳል፣ ይወርዳል። የጣሪያውን ውኃ በአሸንዳ ይሰብስቡ፤ ከመሠረቱ ራቅ ባለ ቦይም ያስወጡት።

ልስኑን የጣለው ጭቃና ሲሚንቶ አለመዋደዳቸው ነው። ጭቃው በእርጥበት ሲላወስ ሲሚንቶው ድርቅ ብሎ ይቀራል። የላላውን አራግፈው በጭድ በደንብ በተቦካ ጭቃ ያስመርጉት፣ ኖራም ያስቀቡት። የግድ ሲሚንቶ ካሉ ግን አስቀድመው የዶሮ ሽቦ ያስመቱ።

ቀጥሎ የየክፍሉን የባሕር ዛፍ ቋሚ ከመሬቱ አጠገብ በቢላ ወጋ ያድርጉት። ሰተት ብሎ ከገባ ምስጥ ወይም እርጥበት በልቶታል። የባሰው ያለበት ክፍል የመጀመሪያው ይሁን፣ መኝታም ሆነ ጓዳ። ሥራውን ከጥቅምት በኋላ ቢያደርጉት ምርጊቱ በደንብ ይደርቃል። ኮርኒስና ቀለም፣ ዓይን ቢስቡም፣ ይቆዩ።

ስንጥቁ ጣት የሚያስገባ ከሆነ ወይም ግድግዳው ካዘመመ መሐንዲስ ሳያየው አያስነኩት። የመብራቱን መስመርም ፈቃድ ላለው ኤሌክትሪሺያን ይተዉለት። ስለ እድሳት ፈቃድ አስቀድመው ማዘጋጃ ቤቱን ይጠይቁ።