የአረብ ብረት ትርጉምና አገልግሎት
ለብረታ ብረት ነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

ብረት ሁሉ አረብ ብረት አይደለም። አረብ ብረት የሚባለው ብረት ከጥቂት ካርቦን ጋር ሲዋሐድ የሚገኘው ነው፤ የካርቦኑም መጠን ከመቶ 2 እጅ ያህል አያልፍም። ካርቦኑ ከዚህ ሲበዛ ብረቱ ይደርቅና በምት የሚሰበር ይሆናል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ቤሰመር እ.ኤ.አ. በ1856 በቀለጠ ብረት ውስጥ አየር እየነፋ ትርፉን ካርቦን የሚያቃጥልበትን ዘዴ ካስመዘገበ ወዲህ ዋጋው ስለ ረከሰ፤ አረብ ብረት ለሐዲድ፣ ለድልድይና ለሕንፃ በብዛት ሊውል ችሏል።

ለሥራ የሚቀርበው አረብ ብረት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ሸክም የሚሸከመው አካል ነው፤ ይኸውም ዓምዱ፣ አግዳሚውና የጣራው ተሸካሚ ነው። ሁለተኛው ማያያዣው ነው፤ እርሱም ብሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ ነው። አካሉ ምንም ቢጸና ማያያዣው ከደከመ ሥራው ሁሉ ደካማ ነው። ስለዚህ በብሎኑ ራስ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ሊነበብ ይገባል፤ 8.8 የተባለውን ለመበጠስ፣ ውፍረቱ እኩል ከሆነው 4.6 ይልቅ እጥፍ ኃይል ያስፈልጋልና።

ፌሮ ግን ከሲሚንቶ ሥራ ጋር ይዋሐዳል። ኮንክሪት ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል። ስበቱን የሚችለው ፌሮው ነው። ሁለቱም በሙቀት የሚለጠጡት በተቀራራቢ መጠን ስለ ሆነ አይለያዩም።

የፌሮ ክብደት እንዲህ ይታወቃል። ውፍረቱን በሚሊሜትር በራሱ አባዝቶ ለ162 ማካፈል የአንዱን ሜትር ክብደት በኪሎ ይሰጣል። ባለ 12 ሚሊሜትር ፌሮ በሜትር 0.89 ኪሎ ያህል ሲመዝን፤ የ12 ሜትሩ ዘንግ 10.67 ኪሎ ይሆናል። ከ10 ቶንም 937 ዘንግ ያህል ይገኛል።

ነገር ግን «12» ተብሎ የመጣው ፌሮ በእውነቱ 11 ሚሊሜትር ቢሆን፤ ከዚያው 10 ቶን 1115 ዘንግ ያህል ይወጣል። በቶን ገዝቶ በዘንግ ለሚሸጥ ሰው 178ቱ ዘንግ ትርፍ ይመስላል። ሆኖም እያንዳንዱ ዘንግ ከመቶ 16 እጅ ያህል ጉልበቱን አጥቷል፤ ጉድለቱን የሚሸከመውም በዚያ ቤት ውስጥ የሚያድረው ሰው ነው።

በፋብሪካ ሥራ ጥቂት ልዩነት አይታጣም፤ ይህን ያህል ጉድለት ግን ልዩነት ሊባል አይችልም። ስለዚህ አስመጪው ዕቃው ሲደርስ፣ ባለ ሱቁም ከመረከቡ በፊት፣ ጥቂት ዘንጎችን ለክቶና መዝኖ ከደረሰኙ ጋር ያስተያይ። የነጋዴ ስም የሚጸናው በሚዛኑ እውነተኛነት ነው።