ጤና አዳም፦ መድኃኒቱና ልማዱ



ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በጠዳና በአካባቢዋ፣ በየጓሮው ከጌሾውና ከጎመኑ አጠገብ ጤና አዳም ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ቅጠሉ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ፣ አበባውም ብጫ ነው። ቀረብ ብሎ ላስተዋለው ሰው፣ በዘለላው መካከል ቀድማ የምትፈነዳው አበባ አምስት ቅጠል ሲኖራት የቀሩት አራት አራት አላቸው፤ የአበባውም ጠርዝ እንደ ነጠላ ዘርፍ የተተለተለ ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት ሩታ ቻሌፔንሲስ ብለው ይጠሩታል። የትውልድ አገሩ በሜድትራንያን ባሕር ዙሪያ ያለው ምድር ነው። እኛ የአዳም ጤና ስንለው፣ ትግርኛ ተናጋሪ ወንድሞቻችን ጨና ኣዳም ይሉታል፤ ጨና ሽታ ማለት ነው። ሁለቱም ስሞች ይስማሙታል፤ ጤናውን ከመቅመሱ በፊት ሽታውን ያላወቀ የለምና።

ለእናቶቻችን ስለ ጥቅሙ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ለጋው ቅርንጫፍ በቡና ስኒ ይነከራል፤ ፍሬው ከበርበሬ ጋር ይደለዛል፤ ቅጠሉ አይብ ያጣፍጣል። ሆድ ሲቆርጥ ይታኘካል፤ ጉንፋን ሲበረታ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ይወሰዳል። ይህ ሁሉ ከእኛ ዘንድ ብቻ የተገኘ ልማድ አይደለም። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ፕሊኒ፣ ሠዓሊዎች ለዓይናቸው ብርታት የዚህን ተክል ዘመድ ይበሉ እንደ ነበር ጽፏል። በኢጣልያ አገር በናፖሊ ደግሞ የጤና አዳም ቅርንጫፍ አምሳያ ከብር ተሠርቶ፣ ሕፃናትን ከክፉ ዓይን ይጠብቃል ተብሎ ይንጠለጠል ነበር፤ ስሙንም ቺማሩታ ይሉታል። እንግዲህ የዓይን ፍርሃት የጎንደር ሰው ብቻ ነው ብሎ የሚንቀን ቢኖር፣ ካቶሊካውያን የሆኑት የናፖሊ እናቶችም ከዚያው ፍርሃት ያልወጡ እንደ ነበሩ ይወቅ።

የዘመኑ ምርምርም ተክሉን አልናቀውም። እ.ኤ.አ. በ1842 ከዚሁ ወገን ከሆነ ተክል ሩቲን የተባለ ንጥረ ነገር ተለይቶ ወጣ፤ ስሙንም ያገኘው ከተክሉ ነው። ነገር ግን ሊቃውንቱ ያገኙት መልካሙን ብቻ አይደለም። በጤና አዳም ጭማቂ ውስጥ ያለው ቅመም ቆዳን ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ውኃ ያቋጥራል። በብዛት ሲጠጣ ጉበትንና ኩላሊትን ይጎዳል። ከሁሉ የሚከፋው ማኅፀንን የሚያኮማትር መሆኑ ነው፤ ስለዚህም ነፍሰ ጡር ሴት ጨምቃ ወይም አፍልታ ልትጠጣው አይገባም። ይህን የምንናገረው በቡና ላይ የምትጣለውን አንዲት ቅርንጫፍ ለመከልከል ሳይሆን፣ «ቅጠል ነው፣ ምን ይጎዳል?» ለሚለው አነጋገር መልስ እንዲሆን ነው። መድኃኒት ያደረገው ያው ኃይል መርዝም ያደርገዋል።

በመጽሐፍ ቅዱሳችን ጤና አዳም በስሙ የተጠራው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ቁጥር 42 ነው። በማቴዎስ ምዕራፍ 23 የሚገኘው ተመሳሳይ ቃል ሌሎች ቅጠላ ቅጠሎችን ያነሣል፤ ጤና አዳምን የጠቀሰው ግን ሉቃስ ነው። ጌታ በዚያ የሚወቅሳቸው ሰዎች ከጓሮ ቅጠል እንኳ አሥራት የሚያወጡ፣ ነገር ግን ፍርድንና የእግዚአብሔርን ፍቅር የሚተላለፉ ናቸው። ቅጠሉ በደል የለበትም። በደሉ ቅጠሉን ይዞ ባልንጀራውን ከረሳው ሰው ነው። ይህን ንባብ ያለ ምክንያት አላነሣነውም፤ በአገራችን በጤና አዳም ከሚደረገው ነገር ሁሉ እጅግ የሚያሳስበን እዚህ ላይ ነውና።

ሰው በድንገት ሲወድቅ፣ ሲንቀጠቀጥ ወይም ሲቃዥ «ቡዳ በላው» ይባላል። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ ወደ አፍንጫው ይቀርባል፤ በጭስም ይታጠናል። ከዚያም «ማን ነህ? የት አገኘኸው?» እየተባለ እንዲለፈልፍ ይገደዳል። ከአፉ የሚወጣው ስም ብዙውን ጊዜ የጎረቤት ስም ነው። በጎንደር ምድር ይህ ዕዳ ለብዙ ዘመን የተጫነው በአንጥረኛው፣ በሸማኔውና በሸክላ ሠሪዋ ላይ ነው። በወለቃና በሌሎች መንደሮች ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ማረሻውንና ጀበናውን ለአገሩ ሁሉ እየሠሩ፣ በአገሩ ሁሉ ቡዳ ይባሉ ነበር። አፄ ምኒልክ በዘመነ መንግሥታቸው ሠራተኛን በሥራው መሳደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ቤተ እስራኤላውያን እ.ኤ.አ. በ1984ና በ1991 በብዛት ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ስድቡ ግን ከእነርሱ ጋር አልሄደም። ከሸክላ ሠሪዋ እጅ ጀበና ገዝቶ ቡናውን በጤና አዳም የሚጠጣ ሰው፣ ያንኑ ጤና አዳም መልሶ በእርሷ ላይ ሲያነሣ ማየት ልብ ያሳዝናል።

ጉዳቱ በስም ማጥፋት ብቻ አያበቃም። ያ የሚንቀጠቀጠው ሕፃን ወባ ወደ አንጎሉ ወጥቶበት፣ ማጅራት ገትር ይዞት ወይም የሚጥል በሽታ ኖሮበት ሊሆን ይችላል። በደምቢያ ሜዳ በ1940ዎቹ ዓመታት ብዙ ሺህ ሰው በወባ ማለቁን አረጋውያን አይረሱትም፤ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ኮሌጅ እንዲከፈት ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱም ይኸው እልቂት ነበር። ዛሬ በጠዳ ራሷ የጤና ባለሙያዎች ይሠለጥናሉ። በእነርሱ ደጃፍ ላይ ሕፃን ሲታጠን ቢያድር ወላጆቹ የሚከፍሉት ዋጋ ከባድ ነው፤ በእንዲህ ያለ በሽታ ጊዜ የሚቈጠረው በሰዓት ነውና።

ቤተ ክርስቲያን ስለዚህ ነገር ያላት ትምህርት ግልጽ ነው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል፤ ስለዚህም ቅጠል በጣሽ፣ ሥር ማሽ እያልን በአገር ባህል ዐዋቂዎች ላይ መሳለቅ አይገባንም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ግን በቁጥር 2117፣ በባህላዊ ሕክምና ስም ክፉ ኃይላትን መጥራትም ሆነ የሰውን የዋህነት መጠቀሚያ ማድረግ ፈጽሞ እንደማይፈቀድ ይናገራል። ክታብ ማሰርንም ይነቅፋል። በጀርመንና በፖላንድ ምእመናን በፍልሰታ በዓል ቀን ቅጠላ ቅጠልና አበባ ወደ ቤተ ክርስቲያን አምጥተው ያስባርካሉ። በዚያ ቡራኬ የሚከሰስ ጎረቤት የለም፤ ለምድር ፍሬ ምስጋና ይቀርባል፣ ለታመመም ይጸለያል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህር እንግዲህ በመንደሩ ምን ያድርግ? «ቡዳ የሚባል ነገር የለም» ብሎ በመከራከር ቢጀምር፣ የተጨነቀች እናት ጆሮዋን ትዘጋለች። ልጇን በነጠላ ጠቅልላ፣ በጨርቅ ጫፍ የተቋጠረ ጤና አዳም ይዛ ስትመጣ፣ መጀመሪያ በልጁ ላይ ይጸልይ። ቀጥሎ ትኩሳቱ ከጀመረው ስንት ቀን እንደ ሆነው፣ ያስመልሰውና አንገቱ ይገትር እንደ ሆነ ይጠይቃት። ማንን እንደምትጠረጥር ግን አይጠይቃት፤ ራሷ ልትናገር ብትጀምርም ስሙን ከአፏ ሳይቀበል ነገሩን ወደ ልጁ ይመልሰው። ጤና አዳሙን አይንጠቃት፤ ቡናዋ ላይ ትጥለዋለች። ከዚያም ተነሥቶ እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ አብሯት ይሂድ።